ግሩፕ ቴራፒ የካንሰር ህመም ይቀንሳል እንዴ?

ሚሚ ሜሪላንድ
ሰላም ቤተሰብ፣ እህቴ የጡት ካንሰር አለባት፣ አሁን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፣ ወገቧን እያመማት ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። ሶሻል ወርከሯ በሳምንት አንዴ እንደሷ የታመሙ ሴቶች ተሰብስበው ሚያወሩበት ግሩፕ አለ ግቢ ብላታለች፣ እሷ ግን የራሴ መች አነሰኝና የሰው ሰቆቃ ልሰማ ብላ እምቢ አለች። ደግሞ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ መታመሟን እንኳ ከቤት ውጪ ማንም አያውቅም። ለጭንቀት ከሆነ ይገባኛል፣ ግን ማውራት የአጥንት ህመም እንዴት ያስታግሳል?

ነርሷ
እግዜር ይማርልሽ ውዴ። እኔ ካንሰር ክፍል ነው ምሰራው። ነገሩ በደንብ ተጠንቷል፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ስፒገል ሚባል የአእምሮ ሐኪም ካንሰሩ የተሰራጨባቸውን ሴቶች በየሳምንቱ እያሰባሰበ ስለ ሞት ፍርሃታቸው ስለ ልጆቻቸው ስለ ባላቸው ሁሉንም ሳይደብቁ ያወሩ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጥናት (54 ሴቶች ናቸው) ግሩፕ የገቡት ካልገቡት ያነሰ ህመም ነው የተሰማቸው፣ በተለይ ራስን ሂፕኖታይዝ ማድረግ የተማሩት። ሂፕኖሲስ ስልሽ መተት ነገር እንዳይመስላት፣ ሰውነትን ዘና አድርጎ የሚያመው ቦታ ላይ ቅዝቃዜ ወይ ሙቀት እየተሰማ ነው ብሎ ሐሳብን እዛ ላይ መሰብሰብ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ደግሞ የህመሙን ልክ የወሰነው ካንሰሩ የትኛው አጥንት ላይ እንዳለ ሳይሆን የሴትየዋ ስሜትና "ይሄ ህመም በሽታው እየባሰ ነው ማለት ነው" ብላ ማሰቧ ነበር። ሌሊት ብቻዋን ስትሆን የሚብስባት ለዚህም ሊሆን ይችላል እኮ።

የጎንደር ልጅ
ዕድሜም ያረዝማል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ነርሷ
ስፒገል በ1989 እንደዛ ብሎ ነበር፣ በ86 ሴቶች፣ ግሩፕ የገቡት በአማካይ 37 ወር ገደማ ሌሎቹ 19 ወር ገደማ ኖሩ ብሎ። ግን በ2001 ካናዳ ውስጥ 235 ሴቶች ላይ ሲሞከር ዕድሜ ላይ ምንም ልዩነት አልመጣም። ህመሙና ጭንቀቱ ግን ቀለል ብሎላቸዋል፣ ያውም ከመጀመሪያው በጣም ተጨንቀው ለነበሩት። ስለዚህ ዕድሜሽን ይጨምራል ብላችሁ ተስፋ አትስጧት፣ ለህመምሽ በያት።

እናት ዓለም
እኔ ግሩፕ ገብቼ አይቼዋለሁ እህቴ። ቤት ውስጥ እኮ ሁሉም አይዞሽ አታልቅሺ ነው ሚልሽ፣ ለነሱ ብለሽ ትስቂያለሽ፣ እዛ ግን ማንም ዝም በይ አይልሽም። ሀበሻም አልነበረም፣ ለኔ ያ ነው የተመቸኝ፣ ነገ ቤተክርስቲያን የማገኛት ሴት ትኖር ይሆን ብዬ አልሳቀቅም። እንግሊዝኛ ከከበዳት አስተርጓሚ ጠይቁላት።

ነርሷ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ግሩፕ ገባች ብላችሁ ማስታገሻዋን እንዳታስቀንሱ፣ ሞርፊንም ቢሆን ሱስ ይሆናል ብላችሁ አትከልክሏት። እንቅልፍ የሚነሳ ህመም ካለ መጠኑ አልበቃትም ማለት ነው ለሐኪሟ ይነገር። የወገቧ ህመም ድንገት ከባሰ፣ እግሯ ከደከመ ወይ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካላት ወይ ካመለጣት ግን ቀጠሮ አትጠብቁ ቀጥታ ኢመርጀንሲ።

ሚሚ ሜሪላንድ
እግሯ ደህና ነው ተመስገን። ስለ መድኃኒቱ ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ እናት ዓለም የጻፍሽውን ደግሞ ማታ አነብላታለሁ፣ ሀበሻ የለበትም ስላት ሳትስማማ አትቀርም።