ቤት ከቀየርኩ ወዲህ የስፌት መኪናዬ ትዘላለች፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ ከሥራ መልስ ለራሴና ለልጆቼ የምሰፋ ነኝ።

ባለፈው ወር አከራያችን ቤቱን ፈለጉትና እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ አዘዞ ገባን። የእግር ስፌት መኪናዬን አይሱዙው ላይ ከቁም ሳጥኑና ከበርበሬው ማዳበሪያ መሃል ወሸቋት። ይኸው ከዚያ ወዲህ አኩርፋለች።

አቡጀዲ ስሰጣት ደህና ትሰፋለች። የሚለጠጥ ጨርቅ ሲሆን ግን ሁለት ሦስቴ ትወጋና አንዱን ትዘላለች። ገልብጬ ሳየው ከሥር ያለው ክር ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ሆኗል። ቺንጋውን አጠበቅኩ፣ ዘይት አጠጣኋት፣ አዲስ 14 ቁጥር መርፌ ገጠምኩ። ያው ናት። አንድ ሰፊ «ክሩን አጥብቂው» አለኝ፤ ባጠብቀው ጨርቁ ተኮማተረ። ለሚለጠጥ ጨርቅ ጫፉ ድቡልቡል ያለ መርፌ እንዳለ አውቃለሁ፤ ፒያሳ ስጠይቅ የሚሰጡኝ ግን ያንኑ ሹሉን ነው።

የምሰፋው የልጆቼን የዋና ልብስ ነው። ለእረፍት ላንጋኖ ልንሄድ ነው። (ጎርጎራማ አፍንጫችን ሥር ነበር፤ የጣናን ቢልሃርዚያ ፈርቼ ነው።) ትንሿ በየማታው «እማ፣ የኔ አለቀ?» ትለኛለች።

ጥፋቱ የመርፌው ነው ወይስ መንገድ ላይ የተዛባ ነገር አለ? በምን ልለየው? ደግሞ መኪናዬ ዚግዛግ የላትም። ጨርቁን ትንሽ ወጠር እያደረግኩ በቀጥታው ብሰፋው ሲለብሱት ይበጠስ ይሆን? አዘዞ ድረስ መጥቶ የሚያይልኝ ጠጋኝ የምታውቁም ካላችሁ ጠቁሙኝ። ተሸክሜ ፒያሳ ማድረሱን እንጃ፣ ወገቤ ገና ከቤት ማጓጓዙ አላገገመም።