ጥቆማ፦ ድሪልና ግራይንደር ስትገዙ መጀመሪያ ሞተሩን ጠይቁ

"ባለ ገመዱን ልግዛ ባለ ባትሪውን?" እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ። ብየዳ ቤት ነው የምሠራው፤ ግራይንደር ከእጄ አይጠፋም።

ባለ ገመድ ድሪልና ግራይንደር አብዛኛው ባለ ካርቦን ነው። ሁለት ጥቁር ካርቦኖች፣ ስፕሪንግ እየገፋቸው፣ የሚሽከረከረውን መዳብ ይነካሉ። ኤሌክትሪኩ ወደ ውስጠኛው የሽቦ ጥቅልል የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ጥቅልሉ ማግኔት ይሆንና ከውጪኛው ጋር እየተገፋፋ ይዞራል። ለክብደቱ ጉልበታም ነው፤ ካርቦኑ ግን እየተፋቀ ያልቃል።

አምና ግራይንደሬ መቆራረጥ ጀመረ፤ ቆይቶ ጭራሽ ዝም አለ። አንድ ጥገና ቤት ብወስደው "ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይጠቀለል" አሉኝ። አስጠግቼ አሸተትኩት፤ ጥቅልሉ ሲቃጠል የሚሸተው የሽቦው ቫርኒሽ አይሸትም። ቤት መልሼ ጎኑ ላይ ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ፈታሁት። ካርቦኑ አልቆ የትንሿ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ጥንዱን ቀየርኩ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ስንት ሰው ለማያስፈልገው ጥቅልል እየከፈለ ይሆን?

ስለዚህ ባለ ገመድ ከሆነ የካርቦን ክዳኑ ከውጭ የሚፈታውን ምረጡ። ካርቦን ልትገዙ መርካቶ ስትወጡ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በግምት አይገዛም። ሁለቱንም ባንዴ ቀይሩ።

ባለ ባትሪ ከሆነ ያለ ማመንታት ብረሽለስ የሚባለውን ሞተር ምረጡ። ማኪታም፣ ቦሽም፣ ኢንግኮም፣ ቶታልም አላቸው። ካርቦን የለውም። ማግኔቱ መሃል ይዞራል፣ ጥቅልሉ ቆሞ ይቀራል፤ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ተራ በተራ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። የካርቦን ፍትጊያ ስለሌለ ባትሪው ይበረክታል። መብራት በሚጠፋበት ሳይት ወይም ጣሪያ ላይ ለምትሠሩ ይሄ ነው። ቦርዱ ከተቃጠለ ግን በካርቦን ዋጋ አትገላገሉም። ሳትከፍሉ በፊት መለዋወጫው ይገኝ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ።

ጠረጴዛ ላይ ለሚታሰር ሞረድ ኢንዳክሽን ሞተር፣ ማለትም የሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ በካርቦን ሳይገባለት በማግኔት ኃይል የሚዞር፣ ይሻላል። ከባድ ነው፣ ድምፁ ግን አይረብሽም፤ የሚቀየር ካርቦንም የለው። በእኛ አገር የ50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ ከ3000 ዙር አያልፍም። ትንሿ የእጅ ግራይንደር 11000 አካባቢ ትደርሳለች፤ ጩኸቷም ለዚሁ ነው።

ያገለገለ ባለ ካርቦን የምትገዙ ደግሞ ጨለም ያለ ቦታ አስነሱትና በአየር ማስገቢያው አጮልቁ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። እሳቱ መዳቡን ዙሪያውን ከከበበው አትግዙት።