ከ12 ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቴን ይይዘኛል

ሰላም ወገኖች። ለሀዋሳው ግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በደህና ጨርሼ አውቃለሁ፤ 21ዱ ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

በሥራ ቀን ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፤ እሁድ ረጅሙን አስፋልት ላይ እሮጣለሁ። እስከ 12 ኪሎ ሜትር ድረስ ምንም አይለኝም። ከዚያ የቀኝ ጉልበቴ ውጪኛው ጎን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ዳገቱ ላይ ደህና ነኝ፣ ቁልቁለት ስጀምር ነው የሚብሰው። ቆም ብዬ ስራመድ ይለቀኛል፤ ማታ ደረጃ ስወርድ ግን እንደገና ይጀምረኛል። እብጠት የለውም።

ጫማ ቀየርኩ፣ በረዶ ያዝኩበት፣ አረፍኩ። ከዕረፍቱ በኋላ አጭሩ ሩጫ ቀሎኝ ነበር፤ ረጅሙን ስሞክር እዚያው ርቀት ላይ ያዘኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በጭኔ ውጪ በኩል የሚወርደው ጅማት ነው ብሎ የዳሌ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ሰጥቶኛል፣ እየሠራሁት ነው። ሀዋሳ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትንፋሹ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። ውድድሩ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ባይቀርብኝ ደስ ይለኛል።

እንዲህ አሟችሁ የምታውቁ፦ ረጅሙን ሩጫ ሙሉ በሙሉ ላቁም ወይስ ሕመሙ ከሚጀምርበት ርቀት በታች ሜዳ ላይ ብቻ እየሮጥኩ ልቀጥል?