«ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በጉግል ፎርምስ እኩል እንዲታረሙ ምን ላድርግ?
ሰላም ለሁላችሁ። በጉግል ፎርምስ (የጉግል የኦንላይን መጠይቅና ፈተና ማዘጋጃ) የአጭር መልስ ፈተና እያዘጋጀሁ ነው። እርማቱ ፊደል በፊደል ስለሚመሳከር፣ የመልስ ቁልፉ «ፀሐይ» ከሆነ «ጸሀይ» ያለ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ ለኮምፒውተር ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ የተለያዩ ናቸው። በጸ እና ፀ ሲባዙ ለአንዲት ቃል 12 አጻጻፍ! ሁሉንም ቁልፉ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ መልሱ ሁለት ቃል ሲሆን ግን አያዛልቅም።

መልሶቹን ወደ ሺትስ (የጉግል የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ወስጄ፣ አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው የሰብስቲትዩት (SUBSTITUTE) ቀመር ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ባመጣቸውም፣ የታረመው ውጤት ፎርሙ ላይ ለተማሪው አይታይም። የምርጫ ጥያቄ አይሆነኝም፤ የሚለካው ማስታወስ ነው። በአፕስ ስክሪፕት (የጉግል መሣሪያዎችን በኮድ ማዘዣ) ውጤቱን ፎርሙ ላይ መልሶ የሚጽፍ አጭር ኮድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ?