የግቢያችንን ወፎች በድምፃቸው እንዴት ልለያቸው?

የማርቆሷ፦

ሰላም ለእናንተ። ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ቀኑን በረንዳ ላይ ነው የሚውሉት። ወፍ በጮኸ ቁጥር «ይቺ ደግሞ የትኛዋ ናት?» ይሉኛል። እኔ የማውቀው ርግብና ቁራ ብቻ ነው። መልስ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ።

ሦስት ድምፆች አሉ። አንደኛው ገና ሳይነጋ ይጀምራል፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው ጠዋትና ማታ በሰማይ ሲያልፉ ሰፈሩን የሚያናውጥ «ሃ ሃ ሃ» ነው። ሦስተኛው ከትልቁ ጽድ ውስጥ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ነው። ባንጋጥጥም ወፉ አይታየኝም። በስልክ መተግበሪያ ይሻላል ወይስ በጆሮ መልመድ?

ጣና ዳር፦

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ያቆይልሽ። እኔ ባሕር ዳር ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን አስጎበኛለሁ።

«ሃ ሃ ሃ» የሚሉት ጋጋኖዎች ናቸው፤ በዚህ አልጠራጠርም። መንቁራቸው ረጅምና ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጉሮሯቸው ላይ ትንሽ ቆዳ ይንጠለጠላል። በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ይባላሉ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኙም። ጠዋት ካደሩበት ወደ ሜዳ፣ ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲያልፉ ነው የምትሰሚያቸው። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይቀበሉታል።

የጽዱ ወፍ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ይመስለኛል። የጽድና የሾላ ፍሬ ይወዳል። አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠሉ ይደብቀዋል፤ ቅርንጫፍ ላይ መሮጥ እንጂ መብረር አያበዛም። ታግሰሽ ጠብቂው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ ደማቅ ቀይ ነው። ያ ቀለም በውስጡ መዳብ የሚባለው ማዕድን አለው፤ የቱራኮ ወገን መለያ ነው።

ሳይነጋ የሚጀምረው ቡልቡል ሳይሆን አይቀርም። ራሱ ጠቆር ያለ፣ ጀርባው ቡናማ ነው፤ ከድንቢጥ ከፍ ይላል። አይደበቅም። ሲነጋ ቁጥቋጦው ጫፍ ላይ ፈልጊው።

አሁን ወደ አለማመዱ። ሁሉንም ባንዴ አትያዢ። አንድ ድምፅ ምረጪና እሱን ብቻ ተከተይ። በስንት ሰዓት ይጮኻል? ከመሬት ነው ከዛፍ ጫፍ? ስንት ጊዜ ይደጋግማል? የሚመልስለት አለ? ድምፁን አንቺ በሰማሽው ፊደል ጻፊው። መጽሐፍ ላይ የተጻፈው በእንግሊዝ ጆሮ የተሰማ ነው፤ ለእኛ ብዙም አይረዳም።

«የሚመልስለት አለ?» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቡቡ የሚባል ወፍ አለ፤ ላዩ ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ክንፉ ላይ ነጭ መስመር ያለው። አንዱ እንደ ደወል ጥርት አድርጎ ሲያፏጭ ጓደኛው ወዲያው በሻካራ ድምፅ ይቀበለዋል። መሀል ላይ ክፍተት ስለሌለ የአንድ ወፍ ድምፅ ይመስላል። ከሁለት ቦታ እንደሚመጣ ግን አባትሽ ካንቺ ቀድመው ሊለዩት ይችላሉ። ስለዚህ ከሳቸው ጋር ተቀመጪና ድምፁ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቂያቸው። አንቺ ደግሞ ያሉሽ ቦታ ላይ ዓይንሽን ጣይ።

የዳንግላው፦

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ርግብን አውቃለሁ ካልሽ እንደገና አድምጪ። ጣራ ሥር ጎጆ የምትሠራው አንዷ ናት፣ ዛፍ ላይ ሆና በወፍራሙ የምታጉረመርመው ሌላ ናት። ስድስት ምት ቆጥራ የምትደጋግም ዓይነ ቀይ ዋኔም አለች። ጆሮ ማሠልጠን ከነዚህ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ስለማይጠፉ።

ለመተግበሪያው፣ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ሜርሊን ድምፅ ሰምቶ የወፉን ስም ይሰጣል። እኔ ግን እንደ ጥቆማ ብቻ ነው የምወስደው። ዜኖ ካንቶ የሚባለው ድረ ገጽ ይበልጥ ይጠቅመኛል። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች የቀዱት የወፍ ድምፅ በነፃ ይገኝበታል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀዳውን ለይተሽ መስማት ትችያለሽ።

አደራ፣ የቀዳሽውን ድምፅ ግቢ ውስጥ ጮክ አድርገሽ አታጫውቺው። ወፏ ቦታዋን የሚቀማ መጣ ብላ ትረበሻለች። ጎጆ ላይ ካለች እንቁላሏን ትታ ልትወጣ ትችላለች። ቤት ውስጥ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ይበቃል።

የማርቆሷ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቀዩን ክንፍ አየሁት! ቱራኮው ነው። ለአባቴ ስነግራቸው ልጅ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ያዩት እንደነበር አስታወሱ። ከዚያ ስለ ክንፉ ቀለም ራሳቸው ይነግሩኝ ጀመር። ጋጋኖዎቹን ማታ ማታ አብረን እንጠብቃለን።

ቡልቡሉን ገና አላረጋገጥኩም። ሳይነጋ የሚጮኸው ከጌሾው በኩል ነው ይላሉ አባቴ፤ ነገ እዚያ እቆማለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ዓይነ ቀይዋ ዋኔ ማርቆስ ትወጣለች ወይስ እንደ ባሕር ዳር ቆላ ቀመስ ቦታ ብቻ ናት?

ጣና ዳር፦

እኛ ዘንድ ሞልታለች። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ ያላትን ደጋ ወዳድ ዋኔ ይበልጥ ትሰሚያለሽ። ምቱን ቁጠሪና ጻፊልን።