ቋሚ ፈንድ ወይስ የዘንድሮ ዳቦ? የተመራቂዎች ክርክር

የጢጣው፦ በተመራቂዎች ስብሰባ የሆነውን ሰማችሁ? ለዩኒቨርሲቲያችን ለወሎ ቋሚ ፈንድ ይቋቋም፣ ዋናው ሳይነካ በሚያስገኘው ገቢ ብቻ ይሠራበት፣ አቅም ያለው ደግሞ በኑዛዜው ያስገባው የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ተነስቶ «ተማሪው ዳቦ ሲያጥረው እኛ ብር ቆልፈን እናስቀምጣለን?» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ያናደደኝ ጭብጨባው ነው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ግቢው ተዘርፎ ባዶውን ሲቀር ስንሯሯጥ ከረምን። አልጋ፣ ኮምፒውተር፣ መጽሐፍ። ያ ሁሉ መዋጮ ገባና አለቀ። ነገ ሌላ ችግር ቢመጣስ? እንደገና ከዜሮ?

ሸዋበር፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። አሁንም አጨበጭባለሁ። የተቆለፈ ብር ምን እንደሚሆን አይተናል እኮ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ የባንክ ቁጠባ ወለድ 7 በመቶ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለላቦራቶሪ ብለህ ያስቀመጥከው ብር ግማሽ ማይክሮስኮፕ አይገዛም። ዘንድሮ የተራበ ልጅ ይብላበት።

እህተ ሐይቅ፦ «የተቆለፈ፣ የተቆለፈ» ትላላችሁ። ወሎ ውስጥ ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ወቅፍ ነው። ሰውየው ሱቁን ለመስጊድ ወቅፍ ያደርጋል። ሱቁ አይሸጥም፣ አይወረስም። ኪራዩ ነው የሚበላው። እሱ ከሞተም በኋላ ደረሳው፣ የቁርዓን ተማሪው፣ ይማርበታል። የአሜሪካኖቹም ከዚህ አይርቅም። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቋሚ ሀብት ነበረው። በዓመት የሚያወጣው ግን ከዚያ ላይ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ዋናውን አይነኩትም።

ሸዋበር፦ ሃርቫርድን ተይው እህቴ። የእነሱ ገንዘብ በዓለም ገበያ ይሠራል። የኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ አክሲዮን የሚገበያዩበት፣ ሥራ የጀመረው በ2017 ነው። ወቅፉን ደግሞ ጀመዓው፣ የመስጊዱ ሕዝብ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አመራር በተቀየረ ቁጥር አዲስ ዕቅድ ይመጣል። የቆለፍነውን ማን ይጠብቅልናል?

የጢጣው፦ ማን ብር ይቆለፍ አለ? ቆልፎ ማስቀመጥ የሚለውን ቃል ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። ደሴ ፒያሳ አንድ ሕንጻ እንግዛ፤ ምድሩን ለሱቅ፣ ፎቁን ለቢሮ እናከራይ። ዋጋ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል። በኪራዩ የተራበውን ተማሪ ዘንድሮም፣ የዛሬ 20 ዓመትም አብላው።

ቦርከና፦ ሁሌም ፒያሳ! ኢንጂነሪንጉ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው ኮምቦልቻ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ኮምቦልቻ። ንብረት ሲገዛ ግን ደሴ። ከኛ ከኮምቦልቻው ግቢ የወጡ ልጆች አያዋጡም ብላችሁ ነው?

የጢጣው፦ ወንድሜ፣ ኪራይ የሚሻልበትን ነው ያልኩት። ሕክምና የሚማሩትስ ደሴ አይደሉ?

ቦርከና፦ ይኸው። ገና ሳይገዛ ተከፋፈለ።

ገራዶ፦ ሕንጻው ይሁን። ወላሂ ወለድ ያለበት ሂሳብ ውስጥ ከገባ ግን እኔ አንድ ብር የለኝም። ከወለድ ነጻ ባንክ አለ፤ እሱን ተጠቀሙ። በኑዛዜም ከሆነ እኛ ሙስሊሞች ከሲሶ በላይ አንናዘዝም። ይሄን ከአሁኑ ደንቡ ላይ ጻፉት፤ ኋላ የከተማውን ግማሽ አስወጥታችሁ «ተመራቂው አይሰጥም» እንዳትሉ።

የስኂን ተማሪ፦ ልጆቼ፣ እኔ እንኳ ከደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው የወጣሁት፤ ያኔ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። አንድ ነገር ልበል። ጃንሆይ በ1954 ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ዛሬም ስድስት ኪሎ ቆሞ ያገለግላል። ያን ጊዜ ተሽጦ ዳቦ ይገዛበት ቢባል ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

ሸዋበር፦ ጋሼ፣ አንቱን አከብራለሁ። ግን ጃንሆይ የሰጡት በሕዝብ ግብር የተሠራ ቤት ነው። የኔ ቢጤ ደመወዝተኛ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ ከሚሰጠው ጋር አያወዳድሩብኝ።

የስኂን ተማሪ፦ ማን ሰጠው አላልኩም። ምን ቀረ ነው ያልኩት። ደግሞ ያን ጊዜ በዚህ አገር የተራበ ተማሪ ያልነበረ አስመሰልከው። ነበር።

ጠበቃዋ፦ ኑዛዜ ለምታስቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ ብዙ ቤተሰብ ሲጣላ አይቻለሁ። በእጃችሁ የጻፋችሁት ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በግልጽ የሚደረገው በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የምትናዘዙት ቤቱን ነው። ለሸዋበር ደግሞ፦ ንብረቱ በዩኒቨርሲቲው ስም መሆን የለበትም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ለበጎ አድራጎት የሚቋቋም ቋሚ ንብረትንም አደራንም ያውቃል። ራሱን የቻለ ቦርድ ይያዘው፣ በየዓመቱ ኦዲት ይደረግ። አመራር ቢቀየር ሕንጻውን መሸጥ አይችልም።

ሸዋበር፦ ይሄ ጥሩ ነው። ግን ሕንጻው እስኪገዛ ስንት ዓመት እናዋጣለን? በእነዚያ ዓመታት ብሩ ያው ባንክ ውስጥ ተቆልፎ ነው። እሱን ማንም አልመለሰልኝም።

እህተ ሐይቅ፦ የተሠራ ቤቱን የሚናዘዝ ከተገኘ ብሩን መጠበቅ አያስፈልግም። ኑዛዜው የመጣው ለዚህ ነው።

ሸዋበር፦ ሰው እስኪሞት እንጠብቅ ማለትሽ ነው?

እህተ ሐይቅ፦ አላልኩም! በሕይወት እያለ የሚሰጥም አለ። አፌ ላይ ቃል አታስቀምጥ።

ቦርከና፦ ቦርዱን ማን ይመርጣል? ግማሹ ከኮምቦልቻ ይሁን።

የጢጣው፦ በቁጥር ይሁን እንጂ። ብዙ ተመራቂ ላዋጣበት ግቢ፣ ብዙ ወንበር።

ቦርከና፦ እንግዲያው ገና ከመጀመሪያው ያዋጣው ሰው ዝርዝር በይፋ ይለጠፍ። ያን ሳላይ አልገባም።