ከባሕር ዳር ወደ አሜሪካ፣ ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጋር፦ ትምህርት ቤት ይቀበሉታል?

እናት ከቀበሌ 14፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ያለው ሜሪላንድ ነው። ቪዛ ተመታልን፣ በቅርቡ እንሄዳለን። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ የሚናገረውም ጥቂት ቃል ነው። እዚህ ያመለከትንባቸው ትምህርት ቤቶች «ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም» ብለው መለሱን። እዚያስ? እንግሊዝኛ አይችልም፣ እኔም ብዙ አልችልም። ምን ወረቀት ልያዝ?

የግሽ አባይ ልጅ፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የከተማሽ ልጅ ነኝ፤ ልጄን አሜሪካ በልዩ ትምህርት ነው ያሳደግሁት። ሰሞኑን እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ባሕር ዳር ነኝ፤ መብራት ሳይሄድ ልጻፍልሽ።

ይቀበሉታል። ግዴታቸው ነው። በፈረንጆቹ 1975 የወጣ፣ ዛሬ «አይዲኢኤ» የሚባል ሕግ አለ። ጉዳቱ ትምህርቱን የሚያውክበት ልጅ ከ3 እስከ 21 ዓመቱ፣ በነፃና ለእሱ በሚስማማ መንገድ ይማራል ይላል። በተቻለ መጠንም ከሌሎች ልጆች ጋር እንጂ ለብቻው ተነጥሎ አይደለም።

ትግሉ የሚጀምረው ከተመዘገበ በኋላ ነው። ገና ስታስመዘግቢው «ልጄ ለልዩ ትምህርት እንዲመረመር እጠይቃለሁ» የሚል ደብዳቤ ስጪ። ቀን ጻፊበት፣ ኮፒውን ያዢ። በቃል የተጠየቀ ነገር እዚያ አገር ይረሳል። ለምርመራው ፈርመሽ ከፈቀድሽ በኋላ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ቀነ ገደብ ከሌለው፣ በፌዴራሉ ሕግ በ60 ቀን ውስጥ መጨረስ አለባቸው።

«መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይልመድ፣ ከዚያ እናያለን» ሊሉሽ ይችላሉ። አትቀበዪ። ቋንቋ ስለማይችል ብቻ ምርመራ አይዘገይም። እንዲያውም በተቻለ መጠን በሚያውቀው ቋንቋ ነው የሚመረመረው።

ከዚያ «አይኢፒ» የሚሉት ስብሰባ ይመጣል። ልጁ ምን እንደሚማር፣ ምን ድጋፍ እንደሚያገኝ የሚጻፍበት ሰነድ ነው፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። እኛ ስናድግ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «እርስዎ እንዳሉ፣ መምህር» ብሎ ይወጣል። ብዙ አበሻ እዚያም ይህንኑ ይዞ ይገባና የተሰጠውን ፈርሞ ይወጣል። ጨዋነት መስሎን ነው። አንቺ ግን በሕጉ የቡድኑ አባል ነሽ። አገልግሎቱ መጀመሪያ ሲጀመር ያለ አንቺ የጽሑፍ ፈቃድ አይሆንም። «ወስጄ ላንብበው» በያቸው።

ስታነቢ ቁጥር ፈልጊ። የንግግር ሕክምና በሳምንት ስንት ደቂቃ? ለብቻው ወይስ በቡድን? «እንደ አስፈላጊነቱ» ካለ አስቀይሪው፤ ማንም አይጠየቅበትም። የጠየቅሽውን እንቢ ካሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታቸው ነው። ይህን ስትጠይቂ አንዳንዴ እንቢታው ራሱ ይለዝባል። በምርመራቸው ካልተስማማሽም በእነሱ ወጪ ሌላ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ትችያለሽ። «ትንሽ ለውጥ አለ፣ ይበቃል» ካሉሽ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2017 ለይስሙላ ያህል ለውጥ እንደማይበቃ ወስኗል።

አስተርጓሚ የማቅረብ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው። እኔ አንዴ በስልክ የመጣው አስተርጓሚ መስመሩ ሲቆራረጥ «እንቀጥል» አሉኝ። አልቀጥልም፣ ሌላ ቀን ቅጠሩ አልኩ። ቀጠሩ።

ከዚህ የምትይዢው፦ ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የታየበትን ሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ አጽፈሽ በማኅተም። የክትባት ካርድ። የሚያውቀው መምህር ካለ አጭር ደብዳቤ። ከሁሉም በላይ ቪዲዮ፦ ውሃ ሲፈልግ እንዴት እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ ምን እንደሚያረጋጋው። መርማሪው ልጅሽን የሚያየው ለአጭር ጊዜ፣ በማያውቀው ክፍል ነው። «አትናገሪ፣ ስም ይወጣበታል» የሚሉሽን ዘመዶች እለፊያቸው።

አባት ከሹም አቦ፦
እኛ እዚሁ የምንቀረውስ?

የግሽ አባይ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በፈረንጆቹ 2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ግን እንደ አሜሪካው ሕግ ቀን የሚቆጥር፣ ወላጅ ይዞት የሚከራከርበት ዝርዝር አሠራር እዚህ የለንም። ቢሆንም «አንቀበልም» ሲሉህ በደብዳቤ ይስጡህ። ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዘኸው ግባ፤ ብቻህን ሳይሆን ተመሳሳይ ልጅ ካላቸው ወላጆች ጋር።

እናት ከቀበሌ 14፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪዲዮውን ከዛሬ ጀምሮ እቀርጻለሁ። ታላቅ እህቱ እንግሊዝኛ ጎበዝ ናት፣ እሷ ብታስተረጉምልኝስ?

የግሽ አባይ ልጅ፦
አይሆንም። ስለ ወንድሟ የሚባለውን ሁሉ በእሷ አፍ አታስወጪ፤ የሚከብደውን እየዘለለች ነው የምትነግርሽ። ስብሰባው ሲቀጠር «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለሽ አስቀድመሽ ጻፊላቸው።